ስም በሚለው መስመር ላይ

በዚያ ጠዋት በማዳበሪያ ማከፋፈያው ቢሮ የነበርነው አምስት ነን፦ ኃላፊው፣ መዝጋቢዋ፣ መጋዘን ጠባቂው፣ ከገሳይ በኩል የመጡት ቄስ፣ ኮምፒውተሩን የምይዘው እኔ። የምጽፈው ኋላ «ሲስተሙ ራሱ ተስተካከለ» ስለተባለ ነው። ራሱ አልተስተካከለም።

ቄሱ ሲመላለሱ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ማሳቸው ታርሷል፣ ዝናቡ ገብቷል፤ ሲስተሙ ግን ስማቸው ከመታወቂያቸው ጋር አይዛመድም እያለ ማዳበሪያ ይከለክላቸዋል። ኃላፊው በሰው ድርሻ እንደመጡ አድርጎ በነገር ወጋ አደረጋቸው።

«እኔን መምሰል አቃተኝ ማለት ነው?» አሉ ቄሱ። ጠባቂው ሳቀ። ኃላፊው ግን ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ ብሎ በሩን አሳያቸው።

ቄሱን ትንሽ ይቆዩ ብዬ ሎጉን ልይ አልኩ፤ ሲስተሙ የፈቀደውንና የከለከለውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። አጻጻፉ ጄሰን ይባላል፤ ሲከፈት ቅንፍና ጥቅስ የሞላበት፣ ከስክሪኑ ጫፍ አልፎ የሚሄድ አንድ ረጅም መስመር ነው።

«ይሄ ለማሽን እንጂ ለሰው አልተጻፈም፤ ተወው» አለኝ ኃላፊው።

አልተውኩትም። ያስተማረኝ የለም፤ ከስልኬ እያነበብኩ የለመድኩት ነው። የተከለከሉትን ብቻ የሚያወጣ ትእዛዝ ጻፍኩ። እያንዳንዱ መረጃ በየራሱ መስመር እንዲሰፍር፣ የውስጡ ከውጩ ሁለት ክፍተት ገባ እንዲል አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ተወው አለኝ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ስም፦ ቄስ። የአባት ስም፦ የራሳቸው የቄሱ ስም። ወረድ አልኩ። ስም፦ ቄስ። ስም፦ መሪጌታ። የተከለከሉት ሁሉ ካህናት ናቸው። ማዕረጉ በስሙ ቦታ ገብቶ፣ ስማቸውን ወደ አባታቸው ገፍቶታል።

መዝጋቢዋ አጎነበሰች። «ካህንን በባዶ ስሙ እንዴት እጽፋለሁ?» አለች። እኔም ብሆን እንደሷ አደርግ ነበር። ኃላፊው ነገ ይታያል አለ። ዛሬ፣ አሁን፣ እሳቸው እዚህ እያሉ ነው የሚታየው አልኩና ወንበሬን ለቀቅኩላት።

ተቀመጠች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ወደ ቄሱ ዞረች።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጻፊው።»

ስማቸውን ያለ ማዕረጉ ጻፈችው፤ ሲስተሙም ተቀበለ። ቄሱ ሁለቱን ኩንታል በአህያ ጭነው ሄዱ። የኃላፊው ሪፖርት የኔትወርክ ችግር ነበር ይላል። በየመስመሩ የሰፈረው ሎግ ግን ታትሞ እኔ ዘንድ አለ።

የነበራችሁ ጨምሩበት። ቄሱ ሲወጡ በሩ ላይ ለኃላፊው አንድ ነገር ብለውታል፤ እኔ አልሰማሁም። ጠባቂው፣ አንተ ቅርብ ነበርክ፤ ምን አሉት?