ጫጩቶቹ እስኪበሩ

ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ የጭልፊት ፉጨት ሰማሁ። ቢላውን ጥዬ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ሁሌም እንደዚህ ነኝ፤ የት እንደሚያርፍ ሳላይ መቀመጥ አልችልም።

ይህን አመል ያወረሰችኝ አክስቴ አስቴር ናት። በሥራ ቀን አስተማሪ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ማንም ሳይከፍላት የወፎች ዘበኛ ነበረች። ሀና ማርያም ሰፈራችን ገና ሜዳ እያለ፣ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ባሕር ዛፋቸውን ሊቆርጡ መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ጫፉ ላይ የጭልፊት ጎጆ ነበር። አክስቴ ሮጣ ከሥሩ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ብቻ፣ በሞቴ!»

«ዶሮዎቼን ለጨረሰ ሌባ?» ብለው ሳቁ። «እሺ። የበረሩ ዕለት ግን እቆርጠዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአክስቴን አቅርቦ ማሳያ መነጽር እቀበልና አንገቴ እስኪደርቅ አንጋጥጣለሁ። ሁለቱ ጫጩቶች ክንፋቸውን ባራገቡ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። «አትብረሩ! ዛፉ ይቆረጣል!» እላቸዋለሁ በሹክሹክታ።

የመጨረሻው ጫጩት የበረረ ዕለት አክስቴ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ።

«ዛፉንማ መች ለመንኳቸው?» አለችኝ። «ለጫጩቶቹ ቀን ነው የለመንኩት።»

አልገባኝም። በማግስቱ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ሰፈሩን ሞላው።

አሁን ጭልፊቷ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ባለው ግቢ፣ ዛፍ ላይ ባለው ጎጆዋ አረፈች። ከሥሩ ሁለት ሰዎች የሞተር መጋዝ ያስነሳሉ።

ነጠላዬን መንጭቄ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ «በሞቴ!» እያልኩ ነበር።