ለሙሴ ሉሲየን የተንኳኳው ወለል

ቲያትር ቤት የተዋናይ አልባሽ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የመድረኩ ኃላፊ ካረን ጥቁር ልብሴንና ለስላሳ ጫማዬን አይታ «ጥሩ ነው። አልባሽ አትታይም፤ ድምፅም የላትም» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው! ከሰፈሬ ከፉትስክሬይ ስሳፈር የስልክ ወሬዬ ለባቡሩ ሙሉ የሚዳረስ ሴትዮ፣ ዝም በይ ተባልኩ።

እንዳለብሳቸው የተሰጡኝ ሙሴ ሉሲየን ነበሩ። የአገራችን የድሮ ሰዎች ፈረንጅን እንደሚጠሩት «ሙሴ» ስላቸው ደስ አላቸው። ልጃቸውን ተከትለው ሜልበርን የገቡ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ተዋናይ ናቸው።

የሸሚዛቸውን ቁልፍ ስቆልፍ ያሳለፉትን ዘመን ይተርኩልኛል። አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። እሳቸው ከዱቄቱ ሸሽተው ቲያትር ቤት መጋረጃ ሳቢ ሆኑ፤ ከዚያ መድረክ፣ ከዚያ ፊልም። በአንዱ ፊልም ዝናብ ውስጥ ቆመው ባቡር ሲሸኙ ይታያሉ። የመስታወቱ አምፖሎች ሲበሩ ሽበታቸው ጠፍቶ ያ ጎረምሳ ብቅ የሚል ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም መርፌ ቁልፌን እንደያዝኩ በሐሳብ ያ ባቡር ላይ ተሳፍሬ እሄዳለሁ።

«በእኛ አገር ድሮ መጋረጃው ሳይከፈት ወለሉ በዱላ ሦስት ጊዜ ይመታል» አሉኝ አንድ ቀን። «ያን ስሰማ እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ይነሳ ነበር።» እዚህ ግን ጥሪው በድምፅ ማጉያ ነው።

ይህ የመጨረሻ ቲያትራቸው ነበር። «በእግሬ ወጥቼ በእግሬ ከተመለስኩ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን መድረክ የሚወጡበት ሰዓት ደርሶ ኮታቸውን እንደለበሱ ወንበሩ ላይ ቀሩ። የቲያትሩ ቃል ሁሉ ጠፍቶባቸዋል።

ካረን ብቅ አለች። «ዘነበች፣ ዛሬ ካልወጡ ሚናው ለተጠባባቂው ነው። ከዚያ ወዲያ አይመለስላቸውም።»

እኔም ያገሬን አደረግሁ። እጃቸውን ይዤ፣ ጀርባቸውን እያሸሁ «አይዞዎት፣ አይዞዎት፣ እግዚአብሔር አለ!» አልኳቸው። ውሃ አቀረብኩ። እንባዬም መጣ።

«ዘነበች፣» አሉኝ፣ «የታመመ ሰው ነው እንዴ የምትጠይቂው? እንዲህ ስትሆኚ ይባስ ፈራሁ።»

ክው ብዬ ወጣሁ። ምን ይሻላል? መጋረጃው ጥግ መጥረጊያ ቆሟል። ገለበጥኩና በእጀታው ወለሉን መታሁ። ዷ! ዷ! ዷ! ካረን ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ዛሬ ከሥራ ተባረርኩ ብዬ ቆምኩ።

በሩ ተከፈተ። ሙሴ ሉሲየን ቀጥ ብለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ሕልም ላይ እንዳለ ሰው በአጠገቤ አልፈው ወደ ብርሃኑ ገቡ። ቃላቸውም መጣላቸው። መጥረጊያዬን አቅፌ አለቀስኩ።

ሲመለሱ «ማነው ያንኳኳው?» አሉ።

«እኔ እንጃ! አልባሽ ድምፅ የላትም» አልኳቸው። ሳቁና እጄን ሳሙኝ።

ቲያትሩ እስኪያልቅ በየቀኑ አንኳኳሁ። ካረንም መጥረጊያውን ማንም እንዳያነሳው አዘዘችልኝ። የመጨረሻው ቀን ሙሴ ሉሲየን በእግራቸው ወጥተው በእግራቸው ተመለሱ። ኮታቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩት።

ለዚህ ሥራ ለምትመጡ፦ ተዋናይ ሲፈራ አይዞህ እያላችሁ አትክበቡት። የሚያውቀውን ድምፅ አሰሙትና ከመንገዱ ዞር በሉ።