ሹራቤ ውስጥ የነበረው

ትናንት እዚህ ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር ትራም ስጠብቅ ልጄ ማህሌት ከአውስትራሊያ ፎቶ ላከችልኝ። ለሽርሽር የሄደችበት ደሴት ላይ የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። ፎቶው ላይ ዋላቢ የምትባለው የካንጋሮ ትንሽ ዘመድ ቆማለች፤ ግልገሏ ከሆዷ ኪስ አንገቱን አውጥቶ ያያል። «እማዬ፣ አያያዟን አየሽልኝ?» ትላለች። ይህችን እንስሳ እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ እንደማውቃት ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት በሠራተኝነት እሠራለሁ። ወንድ ልጃቸው እዚያው አውስትራሊያ፣ አንድ ደሴት ላይ እነዚህኑ እንስሳት ይጠብቅ ነበርና የቪዲዮ ካሴት ልኮላቸዋል። ሲኞራ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ያዩታል። እኔ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ባሌ ሥራ ፍለጋ ወደ ሚላኖ ሄዷል። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ክፍል የምትጋራኝ ጽጌ «ሆድሽ የታየ ቀን ኮንትራቶሽም ፔርሜሶሽም አበቃላቸው» ብላ በሥራ ውሌና በመኖሪያ ፈቃዴ አስፈራርታኛለች። ስለዚህ ሰፊ የወንድ ሹራብ ገዝቼ፣ በዚያ በሮማ የጥቅምት ፀሐይ ላቤ እየወረደ እለብሰው ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ሲኞራ ቪዲዮው ላይ ዋላቢዋ ብቅ ባለች ቁጥር ዞር ብለው ሹራቤን ያያሉ።

«ኪሷ ውስጥ ምን ደብቃ ይመስልሻል?» ይሉኛል።

አውቀውብኛል አልኩ በልቤ። የጓዳው ደረቅ በለስ ደግሞ እየጎደለ ነው። እሱን እንኳ የበላሁት እኔው ነኝ፤ አምሮኝ ነው፣ አልክድም።

አንድ ቀን ቆስጣ ሳጥብ ሲኞራ መጥተው የወጥ ቤቱን በር ዘጉ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ሹራብሽን አውልቂ።»

«በርዶኝ ነው ሲኞራ።»

«ላብሽ እየተንጠባጠበ?»

አወለቅኩት። ሲኞራ ከቀሚሴ ሥር ያበጠውን ሲዳስሱ ማህሌት ከውስጥ ረገጠቻቸው። እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ፊታቸው ቀላ።

«እኔ እኮ የብር ማንኪያዬ መስሎኝ ነው» አሉ። «አንዱ ጠፍቶብኛል።»

ለካ እኔ ልጄን ስደብቅ እሳቸው ሌባ ሲጠብቁ ከርመዋል! አላባረሩኝም። ኮንትራቶዬን አደሱልኝ፤ በለሱንም ለእኔ ብለው ይገዙ ጀመር። የማንኪያው ነገር ግን ዳግም አልተነሳም። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ማንኪያው አልተገኘማ! አዘኑልኝ እንጂ አመኑኝ ማለት አልችልም።

ሲኞራ ያረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቤቱን ሳጸዳ፣ ካሴቱን ያዩበት ከነበረው ወንበር መቀመጫ ሥር ማንኪያውን አገኘሁት። ጠቁሯል። በእጄ ይዤው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን ላሳየው?

ትራሙ መጣ። ለማህሌት «ቆንጆ ናት» ብዬ መለስኩላት። ልጄ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር አላት፤ በጥር ብርድ እንኳ ሰው ቤት ስገባ በር ላይ ሹራቤን የማወልቀው ለምን እንደሆነ። ሙቀት አልወድም እላታለሁ።