ደረቅ ግንባር

አክስቴ የሩጫ ክለብ ወጌሻ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ባት ስታሽ ጣቶቿ ተጣመዋል። እወዳታለሁ፤ የተናደድኩባትም ስለምወዳት ነው።

ክለቡ አንድ የማይረባ ልማድ ነበረው። እኛ «ጠቢቡ» እያልን የምናሾፍበት አሠልጣኝ በልምምድ መሃል ውሃ መጠጣትን ከልክሏል፤ ውሃ ሰውን ያሰንፋል ባይ ነው። ልምምዱ ሲያበቃ ሯጮቹ ይሰለፋሉ። አክስቴ በመዳፏ ግንባር እየዳበሰች ላቡ የደረቀውን ትለያለች። የደረቀ «በሰለ» ይባላል፤ ይጨበጨብለታል፣ ለውድድርም ይመረጣል። ላቡ የሚንጠባጠበው ደግሞ ገና ጥሬ ነው ተብሎ ሁለት ዙር ይጨመርበታል። ይህን ሙያ ብለው ኖሩበት።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚሮጥ ሰው ጡንቻ እንደ ምድጃ ይግላል። ደም ያን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያወጣዋል፤ ላቡ እዚያ ሲተን ሰውነት ይበርዳል። የሰውነት ውሃ ካለቀ ግን ደሙ ያንሳል፣ ልብ ለጡንቻውም ለቆዳውም ላዳርስ ብላ ትባክናለች፣ ላቡም ይቆም ይሆናል። ያኔ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሰውየውን ከውስጥ ይቀቅለዋል። በሰለ ከተባለስ የበሰለው እንዲህ ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ዝም አይነቅዝም» ብላ ታልፈኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ አንዲት ወጣት ሯጭ ሰልፉ ውስጥ ቆማ ትወዛወዝ ነበር። አክስቴ ግንባሯን ስትነካው መዳፏን ፈጃት፤ ጠብታ ላብ የለም። ስሟን ብትጠይቃት የእናቷን ስም ተናገረች። ጠቢቡ ማጨብጨብ ጀምሯል። አክስቴ ልጅቷን ጎትታ ቧንቧ ሥር አስተኛቻት፣ ውሃውን ለቀቀችባት፣ አምቡላንስ እስኪደርስም በፎጣ አራገበችላት። እሱ አጠገቧ ቆሞ ልምምዴን አበላሸሽብኝ እያለ ይጮኻል።

ልጅቷ ነፍሷ ተርፏል፤ የኩላሊቷ ነገር ግን ገና አልለየለትም። በማግስቱ እናቷ ክለቡ ቢሮ መጣች። አክስቴን አጅቤ እዚያው ነበርኩ። ጠቢቡ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ልጅሽ ድሮም አቅም የላትም አላት። አፉን በቡጢ ልዘጋው ስነሳ አክስቴ ቀደመችኝ።

«ውሸት ነው፣ እትዬ» አለች። «ልጅዎ ጎበዝ ናት። ከዚያ ሁሉ ሩጫ በኋላ ላብ ደርቆ ሰውነት ከጋለ አደጋ መሆኑን አውቅ ነበር። የጤና ሥልጠና ላይ ነግረውናል። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ አፌን ያዝኩ።»

እናትየዋ አሠልጣኙን ትታ ወደ እሷ ዞረች።

«መቼ ነው የነገሩሽ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት።»

እናትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ልጄ እዚህ ከገባች ገና ዓመቷ ነው» አለች።