በስድስቱ ሰከንድ ውስጥ

ናዴዥ ሃያ ስድስት ዓመት በጆሮዋ ሠርታ የበላች ሴት ናት። ፈረንሳይ አገር፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ ባለ የሙዚቃ ሸክላ ፋብሪካ፣ ከእያንዳንዱ አልበም መጀመሪያ የሚታተሙትን አምስት ሸክላዎች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ታዳምጣለች። የሚንጫጫ ወይም መርፌው የሚዘልበት ቦታ ካለ ጽፋ ትመልሳለች። ግጥም አትሰማም፤ የምትሰማው እንከኑን ነው።

አንድ ጭጋጋማ የኅዳር ጠዋት የሱፍያን ሸክላ ደረሳት። ሱፍያን የሰሜን ፈረንሳይዋ ከተማ የሩቤ ልጅ ነው፤ ድምፁን ሳያነሳ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው ራፕ ያደርጋል። በሁለተኛው ገጽ፣ በሁለት ዘፈኖች መካከል፣ የስድስት ሰከንድ ዝምታ አለ። በዝምታው ውስጥ ሰው ተናገረ።

መርፌውን መለሰችው። አሁንም አለ፤ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ የሚመስል የወንድ ድምፅ። ሌሎቹን አራት ሸክላዎች ሞከረች። ሁሉም ላይ አለ።

ባልደረባዋ ጂልዳ መጥታ አዳመጠችና ሳቀች። "ኧረ ምንም የለም! አንቺ ጡረታ ውጪ በቃ፤ ጆሮሽ ብቻውን ማውራት ጀምሯል።"

ናዴዥ ግን ደጋገመችው። ሲቆይ ቃላቱ ተለዩ፦ "ድልድዩ ላይ ሆኜ አየሁህ። ጠራኸኝ። አልወረድኩም።"

ማዳመጫውን አውልቃ በሩን ከፈተችና ለሱፍያን ስልክ ደወለች።

"እዚያ ቦታ ምንም የለም፣ ማዳም" አላት ሱፍያን። ቃላቱን ስትደግምለት ግን፣ "ነገ እመጣለሁ" አላት።

በማግስቱ በባቡር መጣ። ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ አዳመጠ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ያንን ስንኝ ከተቀረጸበት ቴፕ ላይ በመቀስ ቆርጬ አቃጥዬዋለሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል?"

"ከመቆረጡ በፊት ቴፑ ስንት ዓመት ተጠቅልሎ ተቀመጠ?"

"ዘጠኝ።"

"ሲደራረብ የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ዙር ይጋባል። አንተ ያቃጠልከው ቁራጩን ነው። ከላዩ የነበረው ዙር ድምፁን ይዞታል።" ቀጥላ፣ "ማንን ነው የምታናግረው?" አለችው።

"ወንድሜን፣ ኢድሪስን። የከተማችን ቦይ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም ብያለሁ። ለእናቴም እንደዚያው ነው ያልኳት።"

"ማጥፋት ይቻላል፣ ልጄ። ከእኔ በቀር የሰማው የለም።"

"አያትሙት። እስክመለስ ይቆይልኝ" ብሏት ሄደ።

በሳምንቱ እናቱን ይዞ ተመለሰ። ወይዘሮ ዙሊካ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ቀና ብለው የሚሄዱ አሮጊት። መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሯቸዋል። ናዴዥ ልትወጣላቸው ስትነሳ፣ "ቁጭ በይ፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ" አሏት።

አንድ እጃቸውን ልጃቸው ይዞት አዳመጡ። መርፌው ዝምታው ላይ ሲደርስ እጃቸውን ከልጃቸው እጅ ቀስ ብለው አወጡ። አላለቀሱም።

"ድገሚልኝ።"

ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው።

"ሱፍያን፣ ያንተን ሰማሁ" አሉ በመጨረሻ። "ካንተ ቀጥሎ የሚጠራህስ?"

"የሚጠራኝ የለም፣ እማ።"

"አለ እንጂ። ወንድምህ ስምህን እየጠራ ነው።"

ናዴዥ ማዳመጫውን ተቀበለቻቸው። ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ሰማች። የሱፍያን ድምፅ ካለፈ በኋላ የሰማችው የመርፌውን ጉዞ ብቻ ነበር። አሮጊቷ አፍጥጠው እየጠበቋት ነው። አለ ማለትም የለም ማለትም አቃታት።

"እንዳትነኩት" አሉ ወይዘሮ ዙሊካ። ሱፍያን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ናዴዥ የፍተሻ ቅጹ ላይ "እንዳለ ይታተም" ብላ ፈረመች። ስምንት መቶ ሸክላ ታተመ። ለእሷ የደረሳት አንዱ ከነላስቲኩ ቤቷ ተቀምጧል፤ አንድም ቀን አልከፈተችውም።