የገብረጻድቅ ትከሻ

ባሌ ገብረጻድቅ ግትር ነው። ለሐሜት አይደለም፤ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ አውቀዋለሁ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የገባው ገና ጺም ሳያወጣ ነው። የጥጥ እስር ብቻውን ተሸክሞ ከፉርጎ ሲወርድ ያየ ሁሉ «በስማም!» ይል ነበር። እኔም ያገባሁት ትከሻውን አይቼ ነው፣ ምን ይደበቃል!

በስልሳ ሦስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ካሚዮን ወደ ኋላ ሲል ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ቀኝ ትከሻው ደቀቀ። ጮሆ ሾፌሩን ያስቆመው፣ ጎትቶም ያወጣው የሥራ ጓደኛው አምባው ነው። አምባው ባይደርስ ኖሮ ያኔውኑ ጥቁር ለብሼ ነበር።

ሐኪሙ «ይህ እጅ ከእንግዲህ ከደረት በላይ አይነሳም» ብሎ ጻፈ። ሥራውም በዚያው ቀረ። የካሚዮኑ ኢንሹራንስ ደግሞ በውሉ መሠረት ለአንድ ሰው ከሁለት ሺህ ብር በላይ አንከፍልም አለ። ሐኪሙ ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ነው ይላል፣ እነሱ የሁለት ሺህ ብር ነው ይላሉ! እርር ድብን አልኩ። ቢሆንም አራት ልጆች አሉን፤ በዚያ ብር በሰቃ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ልንከፍት ቆርጠን ነበር።

ብሩ ሳይከፈለን አምባውን ትኩሳት በሦስት ቀን ገደለው። እድራችን ሊቀብረው ሲወጣ ገብረጻድቅን «አንተ ከኋላ ሁን» አልኩት። እሺ አለኝ፣ ምን ዋጋ አለው! ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ሲሸከሙ ሲያይ አላስቻለው፤ ሰው ገፍቶ ገባ። መጀመሪያ በግራው ያዘ። ተሸካሚዎቹ ጎን ሲቀያየሩ ግን ወጥቶ መቅረት አፈረና በቀኙ ያዘ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ጥርሱን ነክሶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ።

ለካ የኢንሹራንሱ መርማሪ ከለቀስተኛው መሃል ቆሞ ፎቶ አንስቶታል።

ስለ ፎቶው ሊጠይቁን ኢንሹራንሱ ቢሮ ጠሩን። ከመሄዳችን በፊት ጎረቤታችን ካሳሁን መጣ፤ መልኩ ከባሌ ጋር ይመሳሰላል። «ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ ብዬ እምላለሁ» አለ። እኔም ገብረጻድቅ እግር ላይ ወደቅሁ።

«ስለ ልጆችህ ብለህ እሺ በል!»

«ያተረፈኝን ሰው ሌላ ሸኘልኝ ልበል?» አለኝ።

የኢንሹራንሱ ሹም ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይህ ሰው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ገብረጻድቅ።

«በተሰበረ ትከሻ?»

«በተሰበረ ትከሻ። አሞኛል፤ አሁንም ያመኛል። ካላመናችሁ ሐኪም ጠርታችሁ አስመርምሩኝ።»

ሹሙ አንድ ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አደረገ። ጉዳቴን አጋንኜ ነበር ብሎ ከፈረመ አምስት መቶ ብር ይሰጡታል፤ ካልፈረመ በአታላይነት ይከሱታል።

«ለልጆቼ አታላይ የሚል ስም አላወርስም። ክሰሱኝ!» አለና ተነሳ።

አምስት መቶ ብር! እግዜር ይወቀው፣ ፈርም ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ፎቶውን አየሁት። የባሌ ፊት በሕመም ተጨማዷል፤ ላብ ግንባሩን አርሶታል። ይህን እያዩ ነው አታላይ የሚሉት! ደሜ ፈላ። ፎቶውን አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እመቤት! የመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ነው እኮ!» ብሎ ሹሙ ብድግ አለ።

«የእኛም ማስረጃ ነው! ይህን ፊት ዳኛ ይየው። እናንተ ሌላ አሳጥቡ!» አልኩት።

ገብረጻድቅ በግራ እጁ በሩን ከፈተልኝና ወጣን።