ከድርቆሹ አናት የተቀመጠችው ልጅ

ድርቆሽ በጫነ አይሱዙ አናት ላይ፣ የእናቴን ቀሚስ ጨብጣ የተቀመጠችው ልጅ ማን ነበረች? ዛሬም አላውቅም። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከሱሉልታ ታጭዶ የመጣው ሣር ፀሐይ ሲመታው ሽታው በመስኮት ይገባና ልጅቷን ፊቴ ያስቀምጣታል፤ ንፋሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል፣ የድርቆሹ ጭራሮ አንገቷን ይበላታል፣ እናቴም «አይዞሽ፣ አልለቅሽም» ትላታለች።

በቤታችን ሲወራ ያች ልጅ አስካለ ነበረች። አስካለ እኔ ሳልወለድ የሞተች እህቴ ናት፤ በሰኔ ከፈተና ስትመለስ የሞላ ወንዝ ወሰዳት፣ በዓመቱ እኔ ተወልጄ ካሳነሽ ተባልኩ። ፎቶ ስላልነበራት እናቴ፣ በአጨዳ ሣር እየሰበሰበች፣ በበጋ ኩበት እየጠፈጠፈች፣ በአፏ ትሥላት ነበር። እኔም አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ሳወራ «ያ እኮ የሷ ነው» ትለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ማጭዳቸውን እየሳሉ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሁልጊዜ የአስካለ ወሬ! የራስሽ የለሽም እንዴ?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ የወንዙ ጩኸት እቤት ድረስ ይሰማ ስለነበር ከደጅ አልወጣም ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ድልድይ ከተሠራ በኋላ፣ ቁመቴ ከመምህሬ እኩል ሆኖ ነው። ምናልባት ዘግይቼ በመማሬ ይሆናል ያነበብኩትን ሳልመረምር የማላልፈው። ስለ አእምሮ ካነበብኩት እንደተረዳሁት፣ ትዝታ ተቀምጦ የሚወጣ ዕቃ ሳይሆን ባነሳነው ቁጥር እንደገና የሚሠራ ነው፤ ደጋግሞ የተነገረንም ያየነው ሊመስለን ይችላል። ይሁን። እናቴ ግን ስለ ጭራሮው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ ታዲያ እኔ ከየት አመጣሁት?

አምና፣ አርጅታ ቡራዩ እኔ ጋ ከገባች በኋላ፣ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ድርቆሹ ላይ ሆነን ጭራሮው አንገቴን ሲበላኝ፣ በነጠላሽ ጫፍ ጠመጠምሽልኝ።»

እጇ ቀስ ብሎ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሄደ።

«አስካለማ ከፍታ ትፈራ ነበር» አለች። ከዚያ ፊቴን እንደ አዲስ እያየች «ታዲያ… አንቺ ነበርሽ እንዴ?»

ልጅ ሳለሁ ተናጋሪዋ እሷ፣ ሰሚዋ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን እሷ አፌን ትጠብቅ ነበር። «አዎ» ልል ስል ወንዙ አስካለን ሁለተኛ የሚወስዳት መሰለኝና የተንሸራተተ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስኩላት።